የቤንዚን ባጃጄን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልግዛ? (ከጎንደር)

ጠያቂ፦ ባለባጃጁ፣ አዘዞ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ላለፉት ሰባት ዓመታት በጎንደር ከተማ ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪና ቀበሌ 18 ባጃጅ እየነዳሁ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ባጃጁ የራሴ ነው፤ ዕዳውን ከፍዬ ከጨረስሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በመጪው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። የዕቁቡን ገንዘብ ባጃጁ ሲሸጥ ከሚገኘው ጋር ደምሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር ልግዛ ወይስ ያለኝን ይዤ ልቆይ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ወደዚህ የገፋኝ ቤንዚን ነው። ቤንዚን በገባ ቀን ማደያ ላይ ከንጋት ጀምሬ ስሰለፍ የሥራ ቀኔ ግማሹ ያልፋል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ማደያው ባዶ ይሆንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከታሪፉ በላይ ከፍለን እንገዛለን። በዚያ ላይ የተቀላቀለበት ነገር ሞተር ያበላሽብናል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን፣ የህዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ስሰማ፣ ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሄድ እኔ የምሸጠው ዕቃ ገዢ አጥቶ እጄ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ።

በሌላ በኩል የሚያስፈሩኝ ነገሮች አሉ። ሻጩ «አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ 120 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል፤ የእኛ ከተማ ግን ዳገት ናት፤ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ሦስት ሰው ጭኖ ሲወጣ የቤንዚኑ ሞተር እንኳ ያቃስታል። ባትሪው በሁለት ዓይነት እንደሚቀርብም ነግሮኛል፤ ርካሹ ሊድ አሲድ፣ ውዱ ሊቲየም የሚባለው ነው፤ የዋጋቸው ልዩነት ሰፊ በመሆኑ ዓይኔ ወደ ርካሹ ያያል። ጓደኞቼ ደግሞ «ቴክኖሎጂው ገና እየረከሰ ስለሆነ ሁለት ዓመት ብትታገሥ በግማሽ ዋጋ ትገዛዋለህ» ይሉኛል። ባለቤቴ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ገንዘብ የልጆቹ ትምህርት መሆኑን አትርሳ»። የምታውቁ ሰዎች በግልጽ ምከሩኝ።


መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ማራኪ

ወንድሜ፣ ሻጩ ዋሽቶሃል አልልም፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በሜዳ ላይ፣ በዝግታና በቀላል ጭነት ነው። ለጎንደር የራሳችንን ስሌት መሥራት አለብን፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም።

ተሽከርካሪውን፣ አንተንና ሦስት ተሳፋሪዎችን ጨምሮ ክብደቱን 600 ኪሎ እናድርገው። ይህንን ጭነት 200 ሜትር ከፍታ ሽቅብ ለማውጣት፣ የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ 0.33 ኪሎ ዋት ሰዓት (በመብራት ቆጣሪ ላይ የሚቆጠረው መለኪያ) ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ በሞተሩና በመቆጣጠሪያው ላይ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት ወደ 0.4 ይጠጋል። በቀን ይህን ያህል ዳገት ዐሥር ጊዜ ብትወጣ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ለዳገቱ ብቻ አወጣህ ማለት ነው። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ባትሪ በአብዛኛው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ ከግማሽ በላዩ የሚያልቀው አግድም መንገዱ ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ 120 የተባለውን ለእኛ ከተማ 60 ወይም 70 አድርገህ አስበው፤ በዚህም ቁጥር የዕለት ሥራህ የሚሸፈን ከሆነ ብቻ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፍ።

ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ ጥቂቱን ጉልበት ወደ ባትሪው የሚመልስባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ሻጩ ይህ እንዳለው ይንገርህ። ይሁን እንጂ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ጠዋት ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ከላይኛው ሰፈር የሚነሣ ሰው የመጀመሪያው ቁልቁለት አይጠቅመውም፣ ፍሬኑም በዚያ ሰዓት ብቻውን ይሠራል። አንተ ከአዘዞ ስለምትነሣ ቀንህ የሚጀምረው በዳገት ነውና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነህ።

ዋናው ጉዳይ የባትሪው ዓይነት ነው፤ እኔ የምለምንህም ዓይንህን ከርካሹ እንድታነሣ ነው። 7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሊድ አሲድ ባትሪ 200 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ተመሳሳይ ጉልበት የሚይዝ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የሊቲየም ዓይነት ግን 60 ኪሎ ገደማ ነው። በልዩነቱ ሁለት ተሳፋሪ ይጫን ነበር፤ ሊድ አሲድ ከገዛህ እነዚያን ሁለት ሰዎች ያለ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ዳገት ለዳገት ታመላልሳቸዋለህ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሊድ አሲድ በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ሲጠየቅ ከያዘው የሚሰጠው መጠን መቀነሱ ነው፤ ዳገት ማለት ብዙ ጉልበት በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት ቦታ ነው። በየቀኑ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ቻርጅ ሲደረግ ዕድሜው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ነው፤ ይህም አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት በአግባቡ ከተያዘ 2000 ጊዜና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ በዓመት 300 ቀን ብትሠራ ከስድስት ዓመት በላይ ነው።

«ሊቲየም» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። በዚህ ስም የሚጠሩት ባትሪዎች በውስጣቸው ያለው ማዕድን ይለያያል፤ ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው ቀለል ይላሉ፣ ነገር ግን ውድ ናቸው፣ ሲጎዱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ዓይነት፣ ማለትም ከላይ ያልሁት ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉድኢናፍ ቡድን የተገኘ ነው፤ ጉድኢናፍ በሊቲየም ባትሪ ላይ ባደረጉት ምርምር በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተጋርተዋል። ለታክሲ ሥራ የሚስማማው ይህ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ካላወቅኸው ፎቶ አንሥተህ ለሚያውቅ ሰው አሳይ።

በመጨረሻም ሳትከፍል በፊት ተሽከርካሪውን ሦስት ሰው ጭነህ ወደ ቁስቋም ሦስት ጊዜ አከታትለህ ውጣ፤ ሦስተኛው ላይ የሞተሩን ሽፋን በእጅህ ንካው፣ የባትሪውንም መጠን ተመልከት። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።


መልስ፦ ሹፌር፣ አራዳ

ከላይ ባለሙያው የጻፉት በእኔ ላይ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ርካሹን፣ ባለ ሊድ አሲዱን ገዛሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጠዋት እስከ ማታ ስሠራበት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ለቤንዚን የማወጣውን ገንዘብ ለቤቴ አስገባሁት። በስምንተኛው ወር ከቀትር በኋላ ማንከስ ጀመረ፤ በዐሥራ አንደኛው ወር ከአውቶብስ ተራ ሽቅብ ሰው ጭኜ ለመውጣት አቅቶኝ ተሳፋሪዎቼን አውርጄ ገንዘባቸውን መለስሁላቸው። ሻጩ ዋስትናው ባትሪውን እንደማይጨምር ያን ጊዜ ነገረኝ። ስድስቱንም ባትሪዎች ለመለወጥ የከፈልሁት በመጀመሪያ ከውዱ ጋር ከነበረው ልዩነት በለጠ። ወንድሜ፣ የዋስትናውን ወረቀት ቃል በቃል አንብብ፤ ባትሪው በስሙ ተጠቅሶ ካልተጻፈ ዋስትና የለህም ማለት ነው።


መልስ፦ የኢኮኖሚክስ መምህር

እኔ ደግሞ «ሁለት ዓመት ታገሥ፣ በግማሽ ዋጋ ትገዛዋለህ» የሚለውን ምክር ልመርምረው፤ ምክሩ እውነት ያለበት ቢሆንም ለኢትዮጵያ ገዢ አሳሳች ነው።

እውነቱ ይህ ነው። በዓለም ገበያ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሊቲየም ባትሪ አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ1000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የቻይና ፋብሪካዎች ከሚፈለገው በላይ የማምረት አቅም መገንባታቸው ነው፤ ሌላው ደግሞ በ2022 መጨረሻ ሰማይ ነክቶ የነበረው የሊቲየም ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ መውደቁ ነው። በ2024 አሜሪካ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ የአውሮፓ ኅብረትም እስከ 35.3 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል፣ የቻይና አምራቾች ዓይናቸውን ወደ ሌሎች ገበያዎች፣ ከእነርሱም ወደ አፍሪካ አዞሩ። በአዘዞ የሚቆም ባለሦስት እግር ዋጋ በዋሽንግተንና በብራስልስ ውሳኔ የሚነካበት ዘመን ላይ ነን፤ ይህን ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር ራሴም እደነቃለሁ።

አሳሳቹ ነገር ዋጋው የሚወርደው በዶላር ሲሆን አንተ የምትከፍለው በብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ7 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ብናሰላው፣ 115 ዶላር በሰባት ሲባዛ 805 ዶላር ይመጣል። ዶላር በ57 ብር ሲሆን ይህ ወደ 46 ሺህ ብር ነው፤ ዶላር 120 ብር ሲገባ 96 ሺህ 600 ብር ይሆናል። ይህ የዓለም አማካይ እንጂ የሱቅ ዋጋ አይደለም፤ ማጓጓዣው፣ የአስመጪው ትርፍና ቀረጡ ሲታከል፣ አነስተኛ ባትሪም በነጠላ ሲታይ ከትልቁ ስለሚወደድ፣ እጅህ ላይ የሚደርሰው ከዚህ በጣም ይበልጣል። ነገር ግን መልእክቱ አይለወጥም፤ ባትሪው በዓለም ላይ በግማሽ ቢረክስና ብሩ በግማሽ ቢዳከም አንተ ያተረፍኸው ነገር የለም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የያዝኸው ዕቁብ እየቀለጠ ይቆያል።

የቤንዚኑም ዋጋ ከውጭ የሚመጣ ነው። ኢትዮጵያ ነዳጇን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ ቆይቷል። ኤሌክትሪኩ ግን ከአገር ውስጥ ወንዝ የሚመነጭ በመሆኑ ከዶላር ጋር ያለው ቁርኝት የላላ ነው። የላላ ማለቴ የለም ማለቴ አይደለም፤ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗልና የዛሬውን የመብራት ክፍያ ለአምስት ዓመት አታስላበት።

ስለዚህ ከባለሙያው ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። እርሳቸው ጥያቄውን የትኛው ባትሪ ይሻላል በሚለው ላይ አቆሙት፤ እኔ ግን ባትሪውን ማን ይግዛው ብዬ እጠይቃለሁ። በኪጋሊ አምፐርሳንድ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ሹፌሮች ባትሪ ሳይገዙ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ባዶውን በሙሉ እየለወጡ፣ ለተጠቀሙበት ብቻ እየከፈሉ እንዲሠሩ አድርጓል። የሩዋንዳ መንግሥትም ከጥር 2025 ወዲህ በኪጋሊ አዲስ የሚመዘገብ የሞተር ታክሲ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እንዲሆን ደንግጓል። የዚህ አሠራር ብልሃቱ የባትሪው እርጅና አደጋ ከድሃው ሹፌር ትከሻ ላይ መነሣቱ ነው። በጎንደር ያሉት የባጃጅ ማኅበራት ዐሥር ወይም ሃያ አባላት አስተባብረው አንድ ዓይነት ተሽከርካሪ ቢገዙ፣ ሦስትና አራት ትርፍ ባትሪ በጋራ ቢይዙ፣ መለዋወጫም በጋራ ቢያስመጡ ብቻውን ከሚገዛ ሰው ይልቅ ጉዳታቸው ያንሳል። በየመንገዱ ዳር የተለያየ ስም ያለው ተሽከርካሪ ቆሞ አንዱ ለሌላው ቁራጭ ዕቃ ሊያበድር የማይችልበት ሁኔታ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ከሻጩ ጠይቅ፤ የጉምሩክ ወረቀቱን። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው መመሪያ ተበታትነው መጥተው እዚህ የሚገጣጠሙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ሲሆኑ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ሙሉ ሆነው የሚገቡት 15 በመቶ ይከፍሉ ነበር። አገር ውስጥ የተገጣጠመውን ሙሉ ሆኖ በገባው ዋጋ እንዳይሸጡልህ ተጠንቀቅ።


መልስ፦ የጤና ባለሙያ

ስለ ዋጋና ስለ ዳገት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሣው ስላረጀው ሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ወንድማችን ከአራዳ ስድስት ባትሪ መለወጣቸውን ሲጽፉ፣ አሮጌዎቹ ስድስቱ የት ሄዱ ብዬ አሰብሁ። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ነው። በሴኔጋል፣ ከዳካር ወጣ ብላ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ አሮጌ ባትሪ እየተሰበረ እርሳሱ ይለቀም በነበረበት ሰፈር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያመጣም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ያስታውቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን አንጎል ነው። ባትሪ በግቢ ውስጥ ቀጥቅጦ የሚያቀልጥ ሰው ጢሱን ጎረቤት ላይ፣ አቧራውን በልብሱ ይዞ ልጆቹ ላይ ያደርሳል።

ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የሆነባት፣ ለአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ያፈራች ከተማ ናት፤ ይህ አደጋ ሳይመጣ ልንናገርለት ይገባል። አሮጌውን ባትሪ የሚረከበው ማን እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። ለሚያልፍ ቆራሌ አትስጡት፤ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታም አታስቀምጡት።


ጠያቂ፦ ባለባጃጁ፣ አዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ አነበብሁላት፤ እርስዋም ስለ ልጆቹ የተጻፈውን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሊድ አሲዱን ትቼዋለሁ። ትናንት ሌላ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ባለ ሊቲየም አይረን ፎስፌቱን ወደ ቁስቋም ሦስት ጊዜ አወጣሁት፤ ሁለት የማኅበራችን አባላትና የወንድሜ ልጅ ተሳፍረው ነበር። ሦስቱንም ወጣ፤ ከባትሪው የቀነሰው ሲታይ ዕለታዊ ሥራዬን ጨርሶ ጥቂት ይተርፈዋል።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት ቤቴ ነው። የምኖረው በኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን፤ ሒሳቡንም በአምስት እኩል እናካፍላለን። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሳደርግ የጎረቤቶቼን ገንዘብ እየበላሁ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ የሽቦውም ነገር አያስተማምነኝም። መብራት ሌሊት የጠፋ እንደሆነስ ምን ላድርግ?


መልስ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ማራኪ

ይህን አስቀድሜ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትሞላ በ26 የሥራ ቀን 182 ይሆናል፤ ቻርጀሩ ላይ የሚባክነው ሲጨመር ከ200 አያንስም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት በመሆኑ፣ አንተ የራስህን ፍጆታ ብቻ ብትከፍል እንኳ የግቢው ሰው ሁሉ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፤ ፍርሃትህ ትክክል ነው። ከአከራይህ ጋር ተነጋግረህ በስምህ ወይም በእርሳቸው ስም የተለየ ቆጣሪ አስገባ፤ ቆጣሪው እስኪመጣ ድረስ ከሱቅ አነስተኛ የፍጆታ መለኪያ ገዝተህ በቻርጀሩ መሥመር ላይ አስገጥም፣ ቁጥሩንም በየሳምንቱ ለጎረቤቶችህ አሳያቸው፤ ወደ ውዱ እርከን በመውጣታቸው የተጨመረባቸውንም አንተ ክፈል።

ቻርጀሩ 1 ኪሎ ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ከ5 አምፔር በታች ይወስዳል፤ ይህ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሳያቋርጥ ለስምንት ሰዓት ስለሚወስድ የላላ ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣልም። ከማከፋፈያው ቀጥታ ለብቻው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከነመሬት ሽቦው አስዘርጋ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በክረምት ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይሁን፣ የልጆች መኝታ ክፍል ውስጥ ግን አይሁን። መብራት ለጠፋበት ሌሊት የሚሆነው ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳይወርድ ማሳደር ነው፤ ከቀትር በኋላ ተሳፋሪ በሚቀንስበት ሰዓት ለአንድና ለሁለት ሰዓት ብታስገባው ይህን ዓይነት ባትሪ አይጎዳውም። የዕቁቡ ገንዘብ ከበቃህ ደግሞ የቀድሞውን ባጃጅህን እስከ ሚያዝያ ድረስ አትሽጠው፤ አንድ ክረምት ሳይሆን አንድ በጋ እንኳ አዲሱን ሳትፈትነው ሁለቱንም እጅህን ባዶ አታድርግ። ሽቦውን ለመዘርጋት ሰው ካጣህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እኔ ራሴ አዘዞ እመጣለሁ።